ሞቶ ያልሞተ፦ ተቃርኖ በ«የመቶ ዓመት ብቸኝነት»

ተቃራኒ ነገሮች ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ አይቃረኑም። ሙቀትና ቅዝቃዜ ይቃረናሉ፤ በመካከላቸው ግን ለብ ያለ ነገር አለ። ሀብታምና ድሃም እንዲሁ ናቸው፤ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ፣ ኑሮውን እንደምንም የሚገፋ ሰው ሞልቷል። «ሞቷል» እና «አልሞተም» ግን መሀል የላቸውም። ከአርስቶትል ጀምሮ የሥነ አመክንዮ ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት፣ ከሁለቱ አንዱ የግድ እውነት፣ ሌላው የግድ ሐሰት ነው። የኮሎምቢያው ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ «የመቶ ዓመት ብቸኝነት» በተሰኘው ልብ ወለዱ የተጫወተው በዚህ በሁለተኛው ዓይነት ተቃርኖ ነው። በዚያ መጽሐፍ ሰው ሞቶ አይሞትም፤ የሆነ ነገር አልሆነም፤ ዓይኗ የጠፋ አሮጊት ከዓይናማዎቹ የተሻለ ታያለች። ተራኪውም በአንዳቸው አይገረምም።

ልብ ወለዱ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ተጽፎ በ1967 ቦነስ አይረስ ላይ በሱዳሜሪካና ማተሚያ ድርጅት ታተመ፤ የመጀመሪያው እትም 8,000 ቅጂ ነበር። የቡዌንዲያ ቤተሰብን ሰባት ትውልድና ቤተሰቡ የቆረቆራትን የማኮንዶን ከተማ ታሪክ ከምሥረታዋ እስከ ጥፋቷ ይተርካል። ደራሲው በ1982 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አግኝቷል።

መጽሐፉ የሚመደብበት ምትሃታዊ እውነታዊነት ስሙን ያገኘው ከሥዕል ነው። ጀርመናዊው የሥነ ጥበብ ሐያሲ ፍራንዝ ሮህ በ1925 ቃሉን የተጠቀመበት ስለ ሠዓሊዎች ሲጽፍ ነበር። ኩባዊው ደራሲ አሌሆ ካርፐንቲዬር ደግሞ በ1949 ባሳተመው ልብ ወለድ መግቢያ ላይ፣ ላቲን አሜሪካ ድንቅ ነገር መፈልሰፍ እንደማያስፈልጋት፣ ድንቁ በታሪኳና በኑሮዋ ውስጥ እንዳለ ተከራከረ። ማርኬዝ ግን ስለ ስልቱ ሲጠየቅ የሚጠቅሰው አያቶቹን ነበር። ያደገው አራካታካ በምትባል የካሪቢያን ዳርቻ ከተማ፣ በእናቱ ወላጆች ቤት ነው። ወንድ አያቱ ኮሎኔል ኒኮላስ ማርኬዝ ከ1899 እስከ 1902 በተካሄደው የሺህ ቀናት ጦርነት የተዋጉ፣ ስለ ጦርነትና ስለ ፖለቲካ የሚያወሩ ሰው ነበሩ። ሴት አያቱ ትራንኪሊና ኢጓራን ደግሞ ሙታን በጓዳው እንደሚመላለሱ የሚናገሩ፣ ይህንንም ፊታቸው ሳይለወጥ፣ የገበያ ዋጋ እንደሚነግር ሰው የሚያወሩ ነበሩ። ልጁ ጋብሪኤል በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት የማይታረቁ ዓለሞችን ሰማ፤ አንዱ ሌላውን ሲያስተባብል ግን አልሰማም።

የስልቱ ቁልፍ ያ የማይለወጥ ፊት ነው። ተራኪው አንዴ ቢገረም ወይም «እንደሚባለው» ብሎ ቢያመነታ ነገሩ ሁሉ ተረት ይሆን ነበር። ማርኬዝ በቃለ መጠይቅ ሲያስረዳ፣ ዝሆኖች በሰማይ በረሩ ቢባል የሚያምን እንደማይገኝ፣ 425 ዝሆኖች በረሩ ከተባለ ግን አድማጩ ማመን እንደሚጀምር ተናግሯል። በማኮንዶ አባ ኒካኖር ከመሬት ከፍ የሚሉት ትኩስ ቸኮላታ ከጠጡ በኋላ ነው፤ ከፍታውም 12 ሴንቲ ሜትር ነው። ቆንጆዋ ሬሜዲዮስ በነፍስ በሥጋ ወደ ሰማይ ስትወጣ አንሶላ የሚታጠፍበት ሰዓት ነውና አንሶላዎቹ አብረዋት ይሄዳሉ። የወንድሟ ሚስት ፈርናንዳ የሚያሳዝናት የሬሜዲዮስ መሄድ አይደለም፤ አንሶላዎቿ እንዲመለሱላት ለእግዚአብሔር ትጸልያለች። ይህች የስስት ጸሎት ዕርገቱን ከማንኛውም ማረጋገጫ በላይ እውነት ታደርገዋለች።

የመጀመሪያው ትልቅ ተቃርኖ በድንቅና በተራ ነገር መካከል ያለው ነው፤ ደራሲው ቦታቸውን አለዋውጧቸዋል። ጂፕሲዎች በየዓመቱ ወደ ማኮንዶ የሚያመጧቸው ማግኔት፣ አጉሊ መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ የከተማዋን ሰው አፍ ያስከፍታሉ። በራሪ ምንጣፍ ሲመጣ ግን የቤተሰቡ አባት ሆሴ አርካዲዮ ቡዌንዲያ ቀና ብሎም አያይም፤ ከዚያ ጨርቅ በተሻለ ሳይንሳዊ መንገድ እንደሚበር ያስባል። ይኸው ሰው በረዶ ለመንካት ገንዘብ ይከፍላል፤ መጀመሪያ ግዙፍ አልማዝ መስሎት ኋላ የዘመኑ ታላቅ ግኝት መሆኑን ያውጃል። ትንሹ ልጁ አውሬሊያኖ ደግሞ በረዶውን ነክቶ እጁን በድንጋጤ ይስባል፤ ፍል ነው ብሎ። ቅዝቃዜ ሙቀት የሆነባት ይህች ቅጽበት መጽሐፉን ትከፍታለች፤ ልጁ አድጎ ኮሎኔል ከሆነና በረሻኞች ፊት ከቆመ በኋላ የሚያስታውሳት እሷን ነውና። አንባቢው ኮሎኔሉ እዚያው የሚሞት ይመስለዋል። አይሞትም፤ ወንድሙ ደርሶ ያስጥለዋል። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖሮ በእርጅና፣ በገዛ ግቢው ዛፍ ሥር ይሞታል።

የሞትና የሕይወት ወሰን በዚህ ቤት ልል ነው። ሆሴ አርካዲዮ ቡዌንዲያ ከማኮንዶ ምሥረታ በፊት፣ በአውራ ዶሮ ግጥሚያ ተሸንፎ በስድብ ክብሩን የነካውን ፕሩደንሲዮ አጊላርን በጦር ገድሎታል። ሟቹ ማታ ማታ የአንገቱን ቁስል የሚያጥብበት ውኃ እየፈለገ ይመጣል። የገዳዩ ሚስት ኡርሱላ አትጮህም፤ ታዝንለትና በቤቱ ሁሉ ውኃ የሞላ ዕቃ ታስቀምጥለታለች። ባልና ሚስቱ አገር ለቀው የሚሄዱትም ከመንፈሱ ለመሸሽ ብቻ ሳይሆን እሱም ዕረፍት እንዲያገኝ ነው። ዓመታት ካለፉ በኋላ ፕሩደንሲዮ ገዳዩን ፈልጎ ማኮንዶ ይደርሳል፤ የሙታን ብቸኝነት ከብዶት ጠላቱን እስከ መውደድ ደርሷል። ጂፕሲው መልኪያዴስም በሲንጋፖር ዳርቻ በንዳድ ሞቶ ሳለ ብቸኝነቱን አልችል ብሎ ይመለሳል። በሌሎች የመናፍስት ታሪኮች ሙት የሚመለሰው ለበቀል ወይም ለማስጠንቀቂያ ነው። እዚህ የሚያመጣቸው ናፍቆት ነው፤ በዚህ ረገድ ሙታኑ ከሕያዋኑ የበለጠ ሰው ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሕይወት ያሉት ቡዌንዲያዎች እርስ በርስ መፈላለግ ያቆሙት ቀደም ብለው ነውና።

በስም የሚተላለፈውን ተቃርኖ ብዙ አንባቢ በመጀመሪያ ንባቡ እንደ ችግር ያየዋል፤ በሰባት ትውልድ ውስጥ አውሬሊያኖና ሆሴ አርካዲዮ የሚባሉት ወንዶች ይደባለቃሉ። ኡርሱላ ግን ሥርዓት ታገኝበታለች፦ አውሬሊያኖዎቹ ዝምተኛና ጥልቅ አሳቢ፣ ሆሴ አርካዲዮዎቹ ጉልበተኛና ችኩል ናቸው። ሥርዓቱ የሚፈርሰው በቤተሰቡ በተወለዱ መንትዮች ነው። በልጅነታቸው ልብስና የስም አምባር እየተለዋወጡ ሲጫወቱ ተቀያይረው ቀሩ ተብሎ ይገመታል፤ አውሬሊያኖ የተባለው ግዙፍና ግብዣ ወዳድ፣ ሆሴ አርካዲዮ የተባለው ከሲታና ብቸኛ ሆነው ያድጋሉና። ሁለቱም በአንዲት ቅጽበት ይሞታሉ። የሰከሩ ወዳጆቻቸው ሬሳ ሳጥኖቹን አምታተው አንዱን በሌላው መቃብር ይቀብራሉ። ስሕተቱ ምናልባት የመጀመሪያውን ስሕተት አረመው፤ መጽሐፉ ይህን አይናገርም።

ኡርሱላ ራሷ በእርጅናዋ ዓይኗ ይጠፋል፤ ለማንም ሳትናገር ዓመታት ይቆጠራሉ። ዕቃውን በሽታ፣ ሰውን በድምፅና በእርምጃ ትለያለች። የቤቱ ሰው ሁሉ ሳያውቀው በየቀኑ ያንኑ መንገድ እንደሚረግጥ፣ ያንኑ ቃል በዚያው ሰዓት እንደሚናገር፣ ዕቃ የሚጠፋበትም ከልማዱ ሲወጣ ብቻ እንደሆነ የደረሰችበት ከታወረች በኋላ ነው። ፈርናንዳ የጋብቻ ቀለበቷ ጠፍቶባት ቤቱ ሲተራመስ ኡርሱላ ያን ቀን ከወትሮው የተለየ ምን እንደተሠራ ታሰላስላለች፤ ፍራሽ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ነበር። ቀለበቱን ከልጆቹ መኝታ ቤት መደርደሪያ ላይ ታነሳዋለች።

ቀለበቱ ግን ትንሹ ነገር ነው። በጨለማዋ ውስጥ ሆና ኡርሱላ ልጆቿን እንደገና ትመዝናለች፤ ፍርዷም ይገለበጣል። ኮሎኔሉን ጦርነት ልቡን አደነደነው ስትል ኖራለች፤ አሁን የምትረዳው ማንንም ወዶ እንደማያውቅ፣ ያን ሁሉ ጦርነት ያካሄደውም በትዕቢት እንደሆነ ነው። እህቱ አማራንታ በቤቱ ክፉ ሴት ነበረች። የሚወዷትን ወንዶች ከደጇ መልሳለች፤ አንዱ ራሱን ሲገድል እጇን በእሳት አቃጥላ የጠቀለለችበትን ጥቁር ጨርቅ እስከ ዕለተ ሞቷ አላወለቀችም። ኡርሱላ በዚህች ሴት ውስጥ የምታየው ጥላቻን ሳይሆን ከሁሉ የላቀ ርኅራኄን ነው፤ ጭካኔዋ መጠን የለሽ ፍቅርና የማይሸነፍ ፍርሃት ሲታገሉ የመጣ ነበር። እዚህ ላይ ማርኬዝ ከምትሃት ርቆ ጥሩ የሥነ ልቦና ደራሲ ይሆናል። መጽሐፉን በበራሪ ምንጣፉና በአንሶላዎቹ ብቻ የሚያወድሱ ሰዎች ይህን ክፍል ቢያልፉት ያሳዝናል።

በፖለቲካው ዓለም ተቃርኖው ባዶ ነው። ኮሎኔል አውሬሊያኖ ቡዌንዲያ የወግ አጥባቂዎችን መንግሥት በመቃወም ከሊበራሎቹ ጎን ተሰልፎ 32 ጊዜ ያምፃል፤ 32ቱንም ይሸነፋል። በመካከሉ ከፓርቲው የተላኩ ጠበቆች የመሬት ባለቤትነት ጥያቄ እንዲቀር፣ ከቤተ ክርስቲያን ሥልጣን ጋር የተጀመረው ትግል እንዲቆም፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች የእኩልነት ጥያቄ እንዲተው ይጠይቁታል። የቀረው ሥልጣን ብቻ መሆኑን እያወቀ ይፈርማል። ከተማዋን በመልካም ያስተዳደረውን ወዳጁን ጄኔራል ሞንካዳን፣ ወግ አጥባቂ በመሆኑ፣ በራሱ ትእዛዝ ያስረሽናል። ሥልጣኑ ጫፍ ሲደርስ ረዳቶቹ በዙሪያው በጠመኔ ክብ ያሰምራሉ፤ ከክቡ ውስጥ ማንም፣ እናቱም ብትሆን አትገባም። በዚያ የሙዝ አገር ወበቅ ብርድ ይይዘውና ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይኖራል። ሰላም ለማውረድ ደግሞ ከጦርነቱ የባሰ ጦርነት ያስፈልገዋል፤ መንግሥትን እሺ ለማሰኘት አንድ ዓመት፣ የራሱን ወገን ለማሳመን ሌላ ዓመት ይፈጃል። ኔርላንዲያ ላይ የተፈረመው ውል በ1902 በእውን የሆነ ነው። ኮሎኔሉ ከፈረመ በኋላ ደረቱ ላይ ይተኩሳል፤ ጥይቱ ግን ምንም ሳይነካ ያልፋል። ሞት በፈለገው ሰዓት እምቢ አለው። ከዚያ ወዲያ ትናንሽ የወርቅ ዓሣዎች ይሠራል፤ ሽያጩን ካቆመ በኋላ ሃያ አምስት ሲሞሉለት አቅልጦ ከአንድ ይጀምራል፤ ሥራውና ማፍረሱ አንድ ሆነው ይቀራሉ።

ፈርናንዳና የባሏ ውሽማ ፔትራ ኮቴስ በቀላሉ የሚታዩ ተቃራኒዎች ናቸው። አንዷ የወርቅ ፖፖ ይዛ የመጣች፣ ባሏ እንዲቀርባት የሚፈቀድባቸውን ቀናት በቀን መቁጠሪያ ላይ ቀለም ቀብታ በዓመት 42 ያደረሰች የጾምና የሥርዓት ሴት ናት። የሌላዋ ፍቅር ላምና ፈረሱን ሳይቀር መንታ መንታ ያስወልዳል። ማርኬዝ ማወዳደሩን እዚህ ላይ ቢተወው ተራ ነገር ይሆን ነበር። ሰውየው ከሞተ በኋላ ግን፣ ለፈርናንዳ ቤት ምግብ በቅርጫት በየጊዜው የምትልከው ፔትራ ኮቴስ ናት፤ ራሷም ድሃ ሆና ሳለ።

የመጽሐፉ ዋና ተቃርኖ በማስታወስና በመርሳት መካከል ያለው ነው፤ ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይለውጠዋል። በመጀመሪያ ማኮንዶን የእንቅልፍ እጦት ወረርሽኝ ይገባባታል። ሰዎች መተኛት ሲያቅታቸው ደስ ይላቸዋል፤ ሥራ ይበዛል፣ ቀኑ ይረዝማል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ግን ቀስ በቀስ የዕቃውን ስም፣ ከዚያ የሰውን፣ በመጨረሻም ራሱን ይረሳል። ስለዚህ በወንበሩ፣ በሰዓቱ፣ በላሟ ሁሉ ላይ ስምና አገልግሎት የሚነግር ጽሑፍ ይለጥፋሉ፤ ከአውራ ጎዳናው ላይም እግዚአብሔር መኖሩን የሚያስታውስ ሰሌዳ ይሰቅላሉ። መልኪያዴስ ከሙታን ተመልሶ መድኃኒት ባይሰጣቸው ኖሮ ፊደሉንም የሚረሱበት ቀን ቀርቦ ነበር። ይህ ክፍል አስቂኝ ነው፤ መርሳቱ በሽታ ስለሆነ የሚወቀስ የለም።

በሁለተኛው ጊዜ ወቃሽም ተወቃሽም አለ። ታሪኩ እውነተኛ መሠረት አለው። በኅዳር 1928 በኮሎምቢያ የካሪቢያን ዳርቻ የዩናይትድ ፍሩት ኩባንያ የሙዝ ሠራተኞች ዘጠኝ ጥያቄ አንስተው ሥራ አቆሙ። ኩባንያው በኮንትራክተር በኩል የተቀጠሩ ስለሆኑ ሠራተኞቼ አይደሉም ሲል ተከራከረ። በታኅሣሥ 5 ለ6 አጥቢያ በሲዬናጋ ከተማ ባቡር ጣቢያ አደባባይ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ወታደሩ ተኮሰ። አዛዡ ጄኔራል ካርሎስ ኮርቴስ ቫርጋስ የሟቾቹን ቁጥር በአሥሮች የሚቆጠር አደረገው፤ ከአሜሪካ ኤምባሲ የተላከ መልእክት ከሺህ እንደሚበልጥ ገለጸ። ትክክለኛው ቁጥር እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ማርኬዝ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበር፤ ያደገው አራካታካ ውስጥ ይህ ነገር በሹክሹክታ ሲወራ እየሰማ ነው።

በልብ ወለዱ ከመንትዮቹ አንዱ ሆሴ አርካዲዮ ሴጉንዶ በአደባባዩ ውስጥ አለ። አዋጅ ይነበባል፣ አምስት ደቂቃ ይሰጣል፣ መትረየሱ ይከፈታል። ሲነቃ ሬሳ በጫነ ባቡር ውስጥ ነው፤ ፉርጎዎቹ ሁለት መቶ ይጠጋሉ፣ ሬሳው ለጭነት እንደተዘጋጀ ሙዝ ተደርድሯል። ዘሎ ወርዶ በዝናብ ወደ ማኮንዶ ይመለሳል። ሦስት ሺህ ያህል ሰው መሞቱን ሲናገር የሚሰማው መልስ ሟች አልነበረም የሚል ነው። ፍርድ ቤት ደግሞ ኩባንያው ሠራተኛ ኖሮት እንደማያውቅ ይወስናል፤ ከ1928ቱ ክርክር ብዙም አልራቀም። ዝናቡ ለአራት ዓመት ከአሥራ አንድ ወር ከሁለት ቀን ይዘንባል።

በቤቱ ውስጥ አዎና አይደለም ጎን ለጎን ሲኖሩ ማንም አይጎዳም፤ አንዱ እንዲኖር ሌላው መጥፋት የለበትም። አደባባዩ ላይ ግን ያው አነጋገር በመንግሥት አፍ ይገባል። የሞቱት አልሞቱም፤ የሠሩት አልነበሩም። በማርኬዝ ሴት አያት አፍ ድንቅ የነበረው ያ የማይለወጥ ፊት በባለሥልጣን ላይ ሲታይ ውሸት ይሆናል። በመጽሐፉ እጅግ የማይታመን የሚመስለው ክስተት ከሁሉ የበለጠ በእውን የደረሰው መሆኑ ያለ ዓላማ አይደለም፤ ዕርገትን ያለ ጥያቄ የተቀበለች ከተማ ጭፍጨፋውን አላምን ትላለች። ሆሴ አርካዲዮ ሴጉንዶ በመልኪያዴስ ክፍል ሲሸሸግ ወታደሮች ገብተው ዓይን ለዓይን ያዩታል፤ የሚያዩት ግን ዘመናት ሰው ያልገባበትን ባዶ ክፍል ነው። ሕያው ሆኖ ሳለ የለም። ማርኬዝ ሦስት ሺህ የሚለውን ቁጥር የመረጠው ያን ረጅም ባቡር እንዲሞላ ብሎ እንደነበር ኋላ ተናግሯል፤ ቁጥሩ ግን ከልብ ወለድ ወጥቶ በኮሎምቢያ እንደ ታሪክ መጠቀስ ጀመረ። መንግሥት እውኑን ልብ ወለድ ሲያደርግ፣ ልብ ወለዱ ወደ እውን ተመለሰ ማለት ነው።

ከቤተሰቡ ጋር የተወለደው ፍርሃት የአሳማ ጭራ ነው። ኡርሱላና ባሏ የቅርብ ዘመዳሞች ስለነበሩ እንዲህ ያለ ልጅ ይወለዳል ተብሎ ይፈራል፤ ከጋብቻቸው ሌሊት ጀምሮ ቤቱ የሚመራው በዚህ ፍርሃት ነው። ልጁ የሚወለደው በመጨረሻ ነው። ወላጆቹ አማራንታ ኡርሱላና አውሬሊያኖ አክስትና የእህት ልጅ መሆናቸውን አያውቁም፤ የዘር ሐረጉ በአፍረት ተደብቋልና። በመቶ ዓመት ውስጥ በፍቅር የተፀነሰ ብቸኛው ልጅ እሱ እንደሆነ መጽሐፉ ይናገራል፤ ያ ልጅ ነው ጭራ ያለው፣ ጉንዳን የሚበላውም እሱ ነው። ፍቅር በዚህ ቤት አዳኝ ሆኖ አይመጣም፤ ሲመጣም ዘግይቶ፣ ጥፋትን አስከትሎ ነው። ብዙ ሐያስያን እዚህ ላይ የዘመድ ጋብቻን ቅጣት ያያሉ። ከምስጢሩና ከዝምታው የመጣ ጥፋት ነው ብሎ ማንበብ ግን ለጽሑፉ የቀረበ ይመስላል፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ቢነገር ኖሮ ነገሩ ባልደረሰ ነበር።

«የመቶ ዓመት ብቸኝነት» ከታተመ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1982፣ ቺሊያዊቷ ኢዛቤል አዬንዴ ያንኑ መልክ ወስዳ «የመናፍስት ቤት»ን አሳተመች። በስደት ካራካስ ሳለች በጥር 8 ቀን 1981 ለወንድ አያቷ የጀመረችው ደብዳቤ ነው ወደ ልብ ወለድ ያደገው። እዚያም መናፍስት፣ ባለ ርስትና ጭሰኛ፣ ተደጋጋሚ ትውልድ አለ። ባለ ርስቱ ኤስቴባን ትሩዌባ የደፈራት የገበሬ ልጅ የልጅ ልጅ የቺሊን የ1973 መፈንቅለ መንግሥት በሚመስል ግልበጣ ኮሎኔል ሆኖ የትሩዌባን የልጅ ልጅ አልባን ያሰቃያል። በማርኬዝ ቤት ይህ ዓይነቱ ክብ ማንም ሳያየው ይዘጋል። አልባ ግን ታየዋለች፤ የሴት አያቷን የክላራን ማስታወሻ ደብተሮች ተጠቅማ ስትጽፈው በቀሉ በእሷ እንዲያበቃ ትወስናለች። ተቃራኒዎቹ በአዬንዴ ዘንድ የሚታረቁበት መንገድ አለ፤ ለዚህም መጽሐፏ የበለጠ ተስፋ፣ ያነሰም ምሬት አለው።

በማኮንዶ የተጻፈውን የሚያነብ ሰው ምንም ማዳን አይችልም። መልኪያዴስ የቤተሰቡን ታሪክ ከመድረሱ መቶ ዓመት አስቀድሞ በሳንስክሪት፣ ያውም በምስጢር ፊደል ጽፎታል፤ መቶ ዓመት ሳይሞላው ማንም እንዳይረዳው አድርጓል። ትንቢት ነው፣ የሚያስጠነቅቀው ግን የለም። የመጨረሻው አውሬሊያኖ ሲፈታው ያንኑ ብራና የሚያነብባትን ቅጽበት እያነበበ ነው፤ ነፋሱም ከተማዋን ያነሳል። ጽሑፉ እንደሚለው ከሆነ ማኮንዶ ከሰው መታሰቢያ ሁሉ ትጠፋለች። አንባቢው ግን ታሪኳን ይዞ ተቀምጧል፤ ይህም መሀል የሌለው ተቃርኖ ነው። ፍንጩ በአንድ ትንሽ ገጸ ባሕርይ ውስጥ አለ። የኮሎኔሉ ጓድ የሄሪኔልዶ ማርኬዝ ዘር የሆነ ጋብሪኤል የሚባል ወጣት፣ ሌላው ሰው ሁሉ ኮሎኔሉ ኖሮ አያውቅም ሲል ከአውሬሊያኖ ጋር የሚያምን ጓደኛ ነው። በውድድር አሸንፎ ነፋሱ ከመምጣቱ በፊት ወደ ፓሪስ ይሄዳል፤ የያዘው ሁለት ቅያሬ ልብስ፣ አንድ ጥንድ ጫማና የራብሌን ሥራዎች ነው። የሚወዳት ልጅ ስሟ መርሴዲስ፣ ሥራዋም መድኃኒት ቤት ነው፤ የደራሲው ባለቤት መርሴዲስ ባርቻም የመድኃኒት ቤት ባለቤት ልጅ ነበረች።